ከመሪው እጅ በፊት

ዛንደር ዳንሰኛዋን ቪብከን ሊያሰናብታት እንዳሰበ የሰማነው መልበሻ ክፍላችን ውስጥ እግራችንን ወንበር ላይ ሰቅለን የካንቲኑ ቡና ስለ መወደዱ ስናማርር ነው። ወሬውን ያመጣው ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ነው። ከመድረኩ በላይ የተንጠለጠለ ማይክሮፎን አለ፤ እዚያ የሚባለውንና የሚዘመረውን ሁሉ ወደየመልበሻ ክፍሉ ያደርሳል፣ ተራችን ሲደርስ ሰምተን እንድንወጣ። ጠዋት ከተከፈተ የመጨረሻው ሠራተኛ መጥረጊያውን አስቀምጦ እስኪወጣ ድረስ አይዘጋም። የመዶሻውን ድምፅ፣ የመብራት ሠራተኞቹን ስድብ፣ የፒያኖ ቃኚውን ማቃሰት ቀኑን ሙሉ ስንሰማ ስለምንውል ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን እንኖራለን። ያን እሑድ ጠዋት ግን፣ ዳንሰኞቹ ገና ሳይመጡ፣ መዶሻው ድንገት ቆመና የሁለት ሰዎች ንግግር ጥርት ብሎ ወረደልን። አንዱ የዳንስ ክፍሉ ኃላፊ ዛንደር ነበር። ሴቲቱን ከሳሏ አወቅናት፤ የአስተዳደሯ ብሪንክ ናት።

«ከቪብከ ጋር መቼ ነው የምትነጋገረው?» አለችው።

«ከዛሬው ትርኢት በኋላ። አሁን ብነግራት አመመኝ ብላ ትቀራለች። ሬኩዊየሙን ማን ይደንስልኛል?»

«የሚመጣው ዓመት አስራ አምስተኛዋ ነው። አንዴ ከገባችበት እስከ ጡረታዋ ከኛ ጋር መሆኗ ነው፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ካላስደነቀችኝ በቀር ሰኞ እነግራታለሁ።»

«ካስደነቀችህስ?»

«እስቲ ታስደንቀኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መዶሻው ቀጠለ።

እኛ አገር ቴአትር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ቤት አስራ አምስት ዓመት የሠራን አርቲስት ማሰናበት አይቻልም፤ ሕጉ የወጣው እንዲጠብቀን ነበር። ስለዚህ በአስራ አራተኛው ዓመት ያሰናብቱታል። ምክንያቱ አይጠፋም፤ አዲስ ራእይ ይሉታል፣ አዲስ አቅጣጫ ይሉታል፣ አበባ ያስታቅፉትና በሩን ይከፍቱለታል። ሕግ አጥር ሲሆን ሰው የሚያባርሩት አጥሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። የተናደድኩት በዛንደር ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ይህን ስናውቅ ኖረን አንድ ቀን እንኳ ጮኸን አለማወቃችን ያናድደኛል።

በክፍሉ ውስጥ የነበርነው የመዘምራኑ አልቶዎች ነን፤ ዝቅተኛውን የሴቶች ድምፅ የምንዘምር። ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ራይንሂልት ዞርን። የቪብከ እናት ናት። የካፖርቷን አዝራር እየተከለች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ጌዛ፣ ማጉያውን ቀንሺው፣ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። ተነስቼ መዞሪያውን ቀነስኩት። አንዷ ስለ ቡናው ዋጋ እንደገና ልትጀምር ሞከረች፣ የሚቀበላት ስታጣ ተወችው።

ራይንሂልትን ከወጣትነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ በልምምድም በትርኢትም የምቆመው ከአጠገቧ ነው። እንደሷ ቃል አጥርቶ የሚያወጣ ዘማሪ አላየሁም። መሪያችን «ከኋላ ወንበር ያለ ሰው ግጥሙን ሰምቶ መጻፍ መቻል አለበት» እያለ ሲነዘንዘን ምሳሌ የሚያደርገው እሷን ነው። አንድ ጉድለት ግን አላት፣ ቀድማ ትገባለች። መሪው እጁን ሊያወርድ ሲል፣ ሁላችንም አየር ስበን ስንጠብቅ፣ የሷ ድምፅ ለአፍታ ብቻውን ይሰማል። «ራይንሂልት፣ እጄን ጠብቂ!» የሚለው ተግሣጽ በዚያ ቤት ከወንበሮቹ እኩል ያረጀ ነው። ባቡር ጣቢያም ከባቡሩ በፊት አንድ ሰዓት ቀድማ ትደርሳለች፤ ድንቹንም ሳይበስል ታወጣዋለች። ዝምታ ሲረዝምባት መሸከም አትችልም፣ አንድ ነገር ካላስገባችበት የምትሞት ይመስላታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልን እንተርትባታለን፤ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ሬኩዊየሙ የዛንደር ሐሳብ ነበር። ይህ የላቲን ፍትሐት ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ በኅዳር፣ ሙታን በሚታሰቡበት እሑድ፣ ጥቁር ለብሰን፣ ደብተራችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመን እንዘምረዋለን። ዛንደር ግን ዳንስ አደረገው። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ፊት ጉድጓዱ ውስጥ፣ ዳንሰኞቹ መድረኩ ላይ፣ እኛም መሐላቸው፣ በቃል፣ በባዶ እግር፣ ካፖርት ለብሰን፣ በሐምሌ! ሳምንቱን ሙሉ ስንረግመው ሰነበትን። አንድ ቀን «እኛ መዘምራን ነን እንጂ የቤት ዕቃ አይደለንም» ብዬው ነበር፣ «የቤት ዕቃማ ቢሆን በሙዚቃው ልክ ይንቀሳቀስልኝ ነበር» አለኝ። ዋናዋን ሟች የምትደንሰው ቪብከ ናት። በመጨረሻው ክፍል መሐል ላይ ትወድቃለች፣ እኛ አልቶዎቹ እየዘመርን አንድ በአንድ እናልፍና ካፖርታችንን አውልቀን እናለብሳታለን። የመጨረሻዋን ካፖርት የምታለብሳት ራይንሂልት እንድትሆን ያደረገው ዛንደር ነው። «ተመልካቹ እናቷ መሆኗን አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ይበቃኛል» አለ። ሰውየው ጨካኝ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ይህን መካድ ብችል ደስ ባለኝ።

ከጠዋቱ አጭር ልምምድ በኋላ ከራይንሂልት ጋር ወደ ቤት ሄድን። አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ እሷ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ። መንገዱ ፀሐይ ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ በስተቀር ሁሉ ዝግ ነው። ራይንሂልት ሦስት ቁራጭ የፖፒ ፍሬ ያለበት ኬክ ገዛች። ሻጯ ዋጋው ስለ ጨመረ ይቅርታ ስትጠይቃት እንኳ አልሰማቻትም።

«ትነግሪያታለሽ?» አልኳት ደረጃው ላይ።

«ሳትደንስ?»

«ከደነሰች በኋላ እሱ ራሱ ይነግራታል።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው» አለችና ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ ገባች። ከዚያ ቀና ሳትል «ካስደነቀችው ብሏል እኮ። ሰምተሻል አይደል? ብሏል» አለችኝ።

ቪብከ በትርኢት ቀን ምሳ የምትበላው እናቷ ጋ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መንገድ ላይ ያያት ሰው ሃያ ስምንት ይላታል፣ ደረጃ ስትወጣ ያያት ደግሞ ሃምሳ። የራይንሂልት ሳሎን ጠባብ ነው። ፒያኖው ተዘግቶ ያልተተኮሰ ልብስ ተቆልሎበታል፤ በረንዳው ላይ ያለው የጌራንየም አበባ ውኃ ጠምቶታል። እሑድ ስለሆነ በሕንፃው ውስጥ የሚጠርግም ግድግዳ የሚበሳም የለም፤ ጎረቤት ሳህን ሲያስቀምጥ ይሰማል። ቪብከ የተቀቀለ ድንቹን በእርጎ አይብና በተልባ ዘይት በላችና ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ቀኝ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ዳሌዋ ላይ የበረዶ ከረጢት አስቀመጠች።

«ጌዛ፣ ምንም አላየሽም» አለችኝ እንደ ልማዷ።

«ዓይኔ ሞራ ነው የኔ ልጅ» አልኳት እኔም እንደ ልማዴ።

የዳሌዋን ነገር የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለት ዓመት ሙሉ በባቡር ሌላ ከተማ ድረስ እየሄደች መርፌ ትወጋለች፤ የቴአትር ቤቱ ሐኪም ከዛንደር ጋር ቴኒስ ስለሚጫወት። እናቷን አስምላታለች። እኔን አላስማለችኝም፣ ምናልባት የኔን አፍ የበለጠ አምናው ይሆናል።

ራይንሂልት ኬኩን ቆረጠች። የቆረጠችውን እንደገና ቆረጠች። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጫማዋ፣ ታች ፎቅ ያለው ሰውዬ ብስክሌቱን መተላለፊያው ላይ ስለ መተዉ አወራች፤ ወሬው ሲያልቅባት ሳህኖቹን አነሳችና መልሳ አስቀመጠቻቸው። ቪብከ ጣሪያውን እያየች ዝም ብላለች። በዚህች እናትና ልጅ መካከል ዝምታ ሁልጊዜም የልጅቷ ንብረት ነው፤ እናቲቱ እንግዳ ናት፣ የት እንደምትቀመጥበት አታውቅም።

«አንድ ዓመት ብቻ እማ» አለች ቪብከ። «ይህችን አንድ ዓመት ካለፍኩ በኋላ ዛንደር ቢፈልግ ትንንሾቹን አስተምራለሁ፣ ቢፈልግ ጥግ ላይ ቆሜ ጥላ እይዛለሁ። ማንም ገፍትሮ አያስወጣኝም። ካልሆነማ ምን እሠራለሁ? ከአስራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ተምሬ አላውቅም።»

«እግዜር ያውቃል» አለች ራይንሂልት። ከዚያ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ «መልካም ዕድል ልጄ» አለቻት።

ቪብከ እጀታውን እንደያዘች ቀረች። በኛ ሙያ በመጀመሪያ ትርኢት ቀን እንዲህ አይባልም። በግራ ትከሻ ላይ ሦስት ጊዜ ቶይ ቶይ ቶይ ተብሎ እንትፍ ይባላል፣ የተባለለትም ሰው አያመሰግንም። መልካም ዕድል ማለት የሟርት ያህል ነው፤ ይህን የበር ጠባቂው ውሻ እንኳ ያውቃል።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«እርጅና ነው። ሂጂ፣ ሂጂ» አለችና ትከሻዋ ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችባት። ቪብከ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። እኔ ኬኬን እያኘክሁ ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፈተ። ያን ምሽት የሆነውን በደንብ መናገር አልችልም፤ መሐሉ ሆኖ የሚዘምር ሰው ትርኢቱን አያይም፣ ጀርባና ተረከዝ ነው የሚያየው። ቪብከ ግን ስታልፍ ንፋሷ ይሰማኝ ነበር። በልምምድ ጊዜ ዳሌዋን ለመቆጠብ የምታሳጥራቸውን እርምጃዎች በሙሉ አስረዘመቻቸው። ‹የቁጣው ቀን› የሚለው ክፍል ሲዘመር፣ ጥሩምባዎቹ ከጉድጓዱ ሲጮኹ፣ ወጣቶቹ ዳንሰኞች ሲዘሉ እሷ መሐላቸው ቀጥ ብላ ቆማ አንድ እጇን ብቻ ቀስ አድርጋ አወረደች፤ አዳራሹ በሙሉ ያን እጅ ተከትሎ ወረደ። እኔ የማውቃት የራይንሂልት ልጅ፣ በረዶ ዳሌዋ ላይ አድርጋ ምንጣፍ ላይ የምትጋደመው፣ ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ጥቂት ቃላት ሳልዘምር አለፉኝ። ራይንሂልት ከጎኔ ነበረች። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድማ አልገባችም። መሪው እጁን እስኪያወርድ ድረስ እንደ ጥሩ ተማሪ ጠበቀችው፤ ሰውየው ተገርሞ ከጉድጓዱ ውስጥ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት።

በመጨረሻ ቪብከ ወደቀች። የዘላለም ዕረፍት ስጣቸው እያልን አለፍን፣ ካፖርታችንን እያወለቅን ደራረብንባት። ተራው የራይንሂልት ሆነ። ካፖርቷን አለበሰቻት፣ ጠርዙን አንገቷ ሥር ሸጎጥ አደረገችላት፣ ዛንደር ያላዘዘውን። ቆማ ዘመረች። ስናበቃ አዳራሹ በእግር ርግጫና በጭብጨባ ተናወጠ። ቪብከ ከካፖርቶቹ ሥር ወጥታ እጅ ስትነሳ ዛንደር ከጎን ቆሞ ያጨበጭብ ነበር፤ አየሁት፣ ዓይኑ ርጥብ ነበር።

ሁላችንም ወደ መልበሻ ክፍላችን ወረድን። ራይንሂልት ግን ካፖርቶቹን ልሰብስብ ብላ መድረኩ ላይ ቀረች። እኛ ላባችንን እየጠረግን፣ አንዷ ወይን እየከፈተች፣ ማጉያው ላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከዚያ የዛንደር ድምፅ መጣ።

«ራይንሂልት፣ አንቺ ነሽ? ልጅሽን አየሻት ዛሬ? እኔ እዚያ ተቀምጬ...»

«አቶ ዛንደር፣ እባክዎን» አለች።

በኛ ቤት ከዘበኛው እስከ አለቃው ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ‹እርስዎ› ስትል ስሰማ የያዝኩትን ፎጣ አስቀመጥኩት።

«ጠዋት የተነጋገራችሁትን ሰምቻለሁ፣ አይደብቁኝ። አንድ ዓመት ብቻ ይስጧት። እንደ ድሮዋ እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ እናቷ ነኝ፣ ለኔ አይነገርም። ዳሌዋ ሁለት ዓመት ሙሉ በመርፌ ነው የቆመው። ለዛሬም ተወግታ ነው የወጣችው። ግን አይታወቅባትም፣ አይደል? ማን አወቀባት? መደነስ ቢያቅታት ልብስ ትተኩስ፣ ወለሉን ትጥረግ፣ ብቻ አንድ ዓመት...»

እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ወረደ። ከኋላ ወንበር ያለ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር። ዘልዬ መዞሪያውን እስከ መጨረሻው ዘጋሁት፤ ክፍላችን ጸጥ አለ። ያው ድምፅ ግን ከጣሪያው በላይ ቀጠለ። ከኛ በላይ የዳንሰኞቹ ክፍል ነው፤ የነሱ ማጉያ መዞሪያ የለውም፣ ተራ እንዳያልፋቸው ብለው ራሳቸው ነቅለው ጥለውታል። ‹ወለሉን ትጥረግ› የሚለው በእንጨቱ አልፎ እስከ እኛ ተሰማ። የኛን መዝጋት ምን ይጠቅማል፤ መልሼ ከፈትኩት።

«የምን መርፌ?» አለ ዛንደር።

ራይንሂልት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ዝም አለች፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ።

«እኔ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት» አለ ዛንደር ቀስ ብሎ። «ሰኞ ብሪንክን ‹ቪብከ ትቆይልኝ› ልላት ነበር።»

«ታዲያ ይበሏታ!»

«አሁን? ይህን እያወቅሁ በምን እጄ ልፈርም? ነገ ሐኪም ይያት እላለሁ፣ ሐኪሙ ይጽፋል፣ አለቀ። ምነው ትንሽ ብትጠብቂኝ ኖሮ፣ ራይንሂልት። ምነው ተናግሬ እስክጨርስ ብትጠብቂኝ።»

በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አገኘኋት፣ ካፖርቶቹን እስከ አገጯ ተሸክማ።

«ራይንሂልት፣ ማጉያው» አልኳት።

አልገባትም። አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ መድረኩ አቅጣጫ አየች፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ዕድሜዋን በሙሉ ከዚያ ማይክሮፎን ሥር ቆማ ዘምራለች፤ ለአዲስ መጪ ሁሉ ‹እዚያ ላይ ስታወሪ ተጠንቀቂ› እያለች የምታስጠነቅቀው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ያየሁትን መልሼ ማየት አልፈልግም። የካፖርቶቹን ግማሽ ተቀበልኳት፤ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። የወጣው ቃል ወጥቷል።

ወደ ዳንሰኞቹ ፎቅ ወጣን። መተላለፊያው ላይ ወጣቶቹ ወይን በወረቀት ኩባያ ይዘው፣ አበባ ታቅፈው ቆመዋል። ስንደርስ ጫጫታው ሞተ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ አንዷ የሌለ ክር ከቀሚሷ ላይ መልቀም ጀመረች። የቪብከ በር ክፍት ነው። የፊቷን ቀለም አጥባለች፣ ፀጉሯ ያንጠባጥባል፤ በመስኮቱ የሚገባው የምሽት ፀሐይ ፊቷን እንዳለ ያሳየዋል። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የበረዶውን ከረጢት ዳሌዋ ላይ አድርጋለች፣ ሁሉ እያያት፣ በሩን ሳትዘጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት በረዶ አውጥታ ስታስቀምጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ራይንሂልት ገባች። ከተሸከመቻቸው ካፖርቶች አንዱን አወጣችና፣ መድረኩ ላይ እንዳደረገችው፣ በልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ ጠርዙን አንገቷ ሥር ልትሸጉጥ እጇን ዘረጋች። ቪብከ ካፖርቱን በአንድ እጇ ገፈፈችና ለናቷ መለሰችላት።

«ሞቆኛል» አለች።

ግድግዳው ላይ ባለው ማጉያ ሰው መድረኩን ይጠርጋል፣ እያፏጨ። ቪብከ ድምፁን ለአፍታ አዳመጠችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እናቷን አየቻት፣ ያለ ቁጣ፣ መሪያችን ከልምምድ በኋላ እንደሚያየን ዓይነት አስተያየት።

«ቃሉ ሁሉ ተሰምቷል እማ» አለቻት። «ግን ቀድመሽ ገባሽ።»